ወንበሩ እስኪደርቅ

አሰላሙ አለይኩም ሙደሲር! አከም ጅርታ? በሰላም አደርክ? አልሐምዱሊላህ... እኔም ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ካልቆጠርከው። ከጎባ የመጣሁት በመጀመሪያዋ ሚኒባስ ነው። ጁምዓ ሳይደርስ ራሴን ላጭተህ፣ ጢሜን አስተካክለህ ትለቀኛለህ። ጎባ ጸጉር አስተካካይ ጠፍቶ ነው ወይ እንዳትለኝ፤ ሞልቷል። ግን እጅ መልመድ ክፉ ነው፣ ያንተን እጅ ለምጄዋለሁ። ደግሞ ሮቤ ብቅ ሲሉ ሰውም ይታያል... ሰው ማየት መቼም አይጠላም፣ አይደለም እንዴ?

እዚያ አግዳሚው ላይ ያሉት እንግዳ፣ ደህና አደሩ! ... አልሰሙኝም መሰለኝ። ስልካቸውን ፊታቸው ላይ ደቅነውታል፤ እኔ በመስታወቱ የሚታየኝ ባርኔጣቸው ብቻ ነው። ምን እያዩ ይሆን? ክርክር፣ ክርክር የሚል ነገር ይሰማኛል... እንጨት የሚፋቅ ነው የሚመስለው። ተዋቸው፣ ማሎ፣ እባክህ አትጥራቸው። ተራው የእኔ ነው አይደል? እንግዲያው ይጠብቁ። መቀመጫ ላገኘ ሰው መጠበቅ ምን ያስቸግራል?

ፎጣውን ላላ አድርገው... እንዲያ። አየሩስ እንዴት ነው እዚህ? ጎባማ ፀሐዩ ወጥቶ፣ ከሰነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ እንኳ ሰው ሆኗል። ስንዴው ቢጫ እያለ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ኮምባይነሮቹ መንገዱን ይዘጉብናል። ያ የክረምቱ ጭጋግ ትዝ ይልሃል? ልብስ ታጥቦ ሳምንቱን ሙሉ የማይደርቅበት? አሁን ግን ተመስገን፣ ሁሉ ነገር ደርቋል። ሁሉ ነገር... ልብሱን ማለቴ ነው።

ቆይ ቆይ፣ ይህች አግዳሚ አዲስ ናት? ባለፈው ስመጣ የፕላስቲክ ወንበር አልነበረም እንዴ? ዞር ብዬ ልያት... ማሻአላህ! መደገፊያዋን እየው! አበባ ተቀርጾባት... ሙደሲር፣ ይሄ የአልጋ ራስጌ አይደለም? ነው እንጂ! የሰው መኝታ ቤት ራስጌ ነው! እሰይ። እንግዲህ ደንበኛህ ተራ ሲጠብቅ እንቅልፍ ቢወስደው አይፈረድበትም። በስጦታ ነው ያገኘሃት? አየህ ደግነት! ማን እንደሰጠህ አልጠይቅህም። በዚህ ከተማ የአልጋ ራስጌን አግዳሚ፣ የቁም ሳጥን በርን ጠረጴዛ የሚያደርግ እጅ አንድ ብቻ ነው። ስሙን አላነሳም... የሰው ስም በጁምዓ ቀን ባይነሳ ይሻላል።

እኔ ይህን ሰው አደንቀዋለሁ። ወላሂ! ስንቱ ነው ጡረታ ሲወጣ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ የሚውል? ስንቱ ነው በር ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚያማ... እንደ እኔ ማለት ነው። እሱ ግን ሙያ ያዘ። ሲጠይቁት አንገቱን ሰበር አድርጎ "እንዲያው የጊዜ ማሳለፊያ ነው" ይላል። ዕድሜ ልኩን ቢሮ አልነበር የኖረው? ሰፊ ጠረጴዛ፣ የሚሽከረከር ወንበር። ባለጉዳይ ይገባል፣ ይቆማል፣ ይቆማል... እሱ ቀና ሳይል ይጽፋል። ክፋት የለበትም፣ ሥራ በዝቶበት ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። እሱ ሲሾም የተቀመጠ፣ ሲሻር ወንበር ናፈቀው። ታዲያ ምን አለበት? ሌላው ቢሆን ወንበሩን የወረሰውን ሰው ሲረግም ይኖራል፤ እሱ ሄዶ ብርጭቆ ወረቀት ገዛ።

አጀማመሩን ሰምተሃል? በስልክ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰውዬ መንገድ ዳር የተጣለ ወንበር ያነሳል፣ ይፍቃል፣ ይቀባል፣ ሙዚቃ ይለቅበታል፣ ሻይህን ሳትጨርስ ወንበሩ የሙሽራ ወንበር ይሆናል። የኛ ሰው ይህን አየና ልቡ ተነሳ። መጀመሪያ ያነሳው የገዛ ቤቱን ቡፌ ነው። ባለቤቱ ዘመድ ጥየቃ ዶዶላ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ቡፌው እግር የለውም፣ ሳሕኖቹ አልጋ ላይ ተኝተዋል። "አይዞሽ፣ አሁን ይደርሳል" አላት አሉ። ሳሕኖቹ ረመዳን እስኪገባ እዚያው ተኙ... እሱና እሷ የት ይተኙ እንደነበር እኔ አልጠየቅሁም።

ግን ሐቁን እንናገር፣ ሲያልቅ አማረ። ያ ሁሉ ቀለም ሲፋቅ ሥሩ ዝግባ ሆኖ ተገኘ፣ የሐረና ጫካ ዝግባ፣ ወለል ብሎ የሚያበራ። ያየው ሁሉ "አጃኢብ!" አለ። በዚያ ነው ነገሩ የባሰው። ሰውን አንዴ "እጅህ ይባረክ" ካልከው አበቃ፣ ከዚያ በኋላ አንተም አትመልሰውም።

ከዚያማ ጎባን አገኛት። ጎባ እንደሆነች የድሮ የባሌ ዋና ከተማ ናት፤ የክፍለ ሀገሩ ዘመን ወንበርና ጠረጴዛ በየሰዉ ጓዳ ዶሮ ሰፍሮበት ተቀምጧል። ጋሪ ተከራይቶ ይመጣና በየቤቱ ይዞራል። ዶሮዎቹን አስነስቶ፣ "ይህ እኮ ቅርስ ነው" ብሎ፣ አቧራውን በገዛ ነጠላው ጠርጎ ይወስዳል። የእኔም ቤት መጥቷል። እኔ የምቀመጥባትን ወንበር ዙሪያዋን ዞረ፣ ተንበርክኮ አየ፣ "አባ አብዶ፣ ይህችን ለትንሽ ቀን ይስጡኝ" አለኝ። "ላይዋ ላይ ነኝ እኮ" አልኩት። "ግድ የለም፣ እስኪነሱ እጠብቃለሁ" አለ። ጠበቀ! ወስዶም አድሶ አመጣት። እግሯ ተጠግኖ፣ መደገፊያዋ ታስሮ፣ ሳንቲም ሳይቀበለኝ። እስከ ዛሬ ጀርባዬ የሚያርፈው በእሷ ነው። አሁን እንዲያውም በሰውየው ስናደድ እሷ ላይ ተቀምጬ ነው የምናደደው።

ታዲያ ልምዱ ሲብስበት፣ ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታ የሚሰጠው ለዕቃው ሆነ። "እንዴት ናችሁ" እያለ እጁ የጠረጴዛውን ሥር ይዳስሳል። እነ ሩሀማ ቤት ለቅሶ ላይ የሆነውን ነገሩህ? ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። እሱ ግን ከሁሉ የባሰ ደፍቷል፣ ግንባሩ ጉልበቱን አልፎ ወርዷል። "ምን ዓይነት አንጀት ነው!" አሉ ሴቶቹ። አንዷማ እሱን አይታ እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመረች። እሱ ለካ የተቀመጠበትን አግዳሚ ሥር እያየ ነው! ቀና ሲል የሟችን ወንድም ክንድ ይዞ፣ "ይህ እኮ አንድም ሚስማር የለበትም" አለው። የሟች ወንድም ምን ይበል? "እግዜር ይስጥልኝ" አለው፣ እንባውን እየጠረገ።

ጎረቤቱም ተማረ። አሁን እሱ በፊት በር ሲገባ ወንበር በጓሮ ይወጣል ይባላል። ምቀኝነት አይደለም... ከዕቃቸው መለየት አቅቷቸው ነው።

ረጋ፣ ረጋ አድርገው ምላጩን! ጆሮዬ ጋ ደርሰሃል። ጆሮ እንደሆነ ከተቆረጠ አይታደስም። ደግሞ ዛሬ የሚሰማ ጆሮ የሚያስፈልግበት ቀን ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ላንተ ብቻ ነው ታዲያ። ድምፄ ጮክ ካለ አትፍረድብኝ፣ ሲያረጁ የራስን ድምፅ መመጠን ያስቸግራል። የእህቴን የጁሀራን ልጅ ኢህሳንን ታውቀዋለህ አይደል? እዚሁ ሮቤ ሒሳብ የሚያስተምረውን? ቤቱ እኛው ጋ ጎባ ነው። ጧት ጧት ከጎባ ተሳፍሮ ይመጣል። አንዲት አዋላጅ ነርስ ደግሞ ቤቷ ሮቤ፣ ሥራዋ ጎባ፣ ጧት ጧት ከዚህ ተሳፍራ ትሄዳለች። ሚኒባሷ ጎባ ስትደርስ ልጅቷ ትወርዳለች፣ እሱ ይገባል፤ እሷ ከተነሳችበት መቀመጫ እሱ ይቀመጣል። እንዲህ ነው የተዋወቁት። መጀመሪያ ዓይን ነበር፣ ቀጥሎ ሰላምታ ሆነ፣ ቀጥሎ እሷ ቀድማ እየመጣች፣ እሱ እያስመለጠ... በወጉ ተዋደዱ። የማን ልጅ ናት? ኧረ እኔ የአባቷ ስም ጠፋኝ... እርጅና ነው። ልጅቷ ግን አትጠፋም። ጨዋ፣ ቁም ነገረኛ፣ የጎባን ሕፃን ሁሉ በእጇ የተቀበለች ልጅ ናት።

ወደ አባቷ ቤት ሽማግሌ ሆነን ተላክን። እኔና ባልንጀራዬ ጉተማ፣ ሌሎችም ነበሩ። ወጉን ታውቀዋለህ፣ አንተም ኢንሻአላህ ነገ ትልከናለህ። ሽማግሌ ደጅ ላይ ይቆማል። የመጣበትን አይናገርም። የቤቱ ጌታ "ግቡ፣ ተቀመጡ" ካለ፣ ነገራችሁን እሰማለሁ ማለት ነው። ከተቀመጥን በኋላ ይመልሰን፣ ይቅጠረን፣ ዓመት ያመላልሰን፤ ግድ የለም፣ ሥራችን ነው። ቆመን ከተሸኘን ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ያ ቤት ራሱ ሰው ልኮ ካልጠራን ሁለተኛ ደጁን አንረግጥም። የጃርሱማ፣ የሽምግልና ሕግ ነው፣ እኛ አላወጣነውም።

እንመጣለን ብለን አስቀድመን አስነገርን። እንግዲህ የሰውየውን ደግነት እዚህ ላይ እይልኝ! ሌላ ሰው ሽማግሌ ይመጣል ሲባል ምን ያደርጋል? ቤቱን ያስጠርጋል፣ ሻይ ያስፈላል። እሱ ግን "እነዚህን የመሰሉ ሰዎች አሮጌ ወንበር ላይ አላስቀምጥም" ብሎ ተነሳ። የሳሎኑን ወንበር ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ፍቆ ቫርኒሽ ቀባው። በዋዜማው! ቫርኒሹ እንዳይንጠባጠብበት ደግሞ ምንጣፉን ጠቅልሎ ጓዳ አቆመው። ለእኛ ክብር ብሎ እኮ ነው! እስከ ዛሬ እኔን ብሎ ወንበር የቀባ ሰው የለም፣ የወለድኳቸውም አልቀቡልኝ።

የስልኩ ሰውዬ "በሁለት ሰዓት ይደርቃል" ብሎታል። አልዋሸም፣ ይደርቃል... እሱ አገር። እሱ ያለበት አገር ፀሐዩ ሰውንም ያደርቃል። በነሐሴ ጭጋግ የሮቤ ሰው ካልሲው እንኳ የሚደርቀው እግሩ ላይ ነው። የኛ ሰው ግን ተወልዶ ያደገበትን ጭጋግ ትቶ፣ በስልክ ያያትን ፀሐይ አመነ። የቆጡን አድሳለሁ ብሎ የብብቱን...

ደረስን። ካፊያ ነበር። ደጁ ላይ ቆምን። ወጣ። ኮቱን ለብሷል፣ ባርኔጣውን አድርጓል፣ ማሻአላህ ያምራል... ጣቶቹ ብቻ እስከ ጥፍሩ ቡናማ ናቸው። እኔ ለሰርጉ ቸኩሎ ሒና የተቀባ መስሎኝ ነበር። ሰላም ተባባልን። ጤናችንን ጠየቀ። ከብቶቻችንን ጠየቀ። "ስንዴውን ዋግ መታው ወይ?" አለን። እጁን በሩ ላይ እንዲህ ዘርግቶ፣ ወደ ውስጥ እንዳናይ ከልሎ፣ ስለ ኮምባይነር አወራን! ስለ ኮምባይነር፣ ሙደሲር! እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ ሲባል ነበር የምናውቀው። እዚያ ቤት እንግዳው ደረሰ፣ የፈሰሰው ግን ቫርኒሽ ነው።

እኛ ምን እናውቃለን? "ግቡ" የምትለዋን ቃል እንጠብቃለን። አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች... ካፊያው ዝናብ ሆነ። የጉተማ ጉልበት ከእኔም የባሰ ነው፤ ከዘራውን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ሲያደርግ ቆየና፣ በመጨረሻ በረንዳው ላይ የነበረችውን አንዲት ወንበር በጎኑ ተደገፋት። ሰውየው ያን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ እኛን ጠልቶ መሰለኝ። ለካ ለወንበሯ ደንግጦ ነው!

መስኮቱን ግን ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ ውስጥ የሻይ ትሪ ይዛ ቆማለች። ብርጭቆዎቹ ይታዩኛል፣ እንፋሎቱ ይታየኛል። የምታሳርፍበት የላት፣ የምታቀርብለት የላት። የአባቷን ጀርባ ታያለች፣ እኛን ታያለች። እንፋሎቱ ጠፋ፣ እሷ እንደቆመች ናት። እዚህ ላይ አልቀልድም።

"በሉ ሰላም ዋሉ" አልነው። "በሉ በሰላም ግቡ" አለን። ግቡ! የጠበቅናት ቃል መጣች... ወደየቤታችን።

ጎባ ስንደርስ ከሚኒባሱ ሁሉም ወረደ፣ ጉተማ አልወረደም። ኮቱ ከመቀመጫው ጋር ተጣብቋል! ረዳቱ ይጎትታል፣ ጉተማ ይሳደባል። ያኔ ነው ነገሩ የገባን። ከዚያ ቤት ይዘን የወጣነው መልስ የጉተማ ኮት ላይ ያለው ቫርኒሽ ብቻ ነው። ባለቤቱ ማናልበሽ በቲነር ፈተገችው፣ በጋዝ ፈተገችው... እምቢ። ጥራቱ ለጉድ ነው! እኔ ሰውየው ሥራውን አያውቅም የሚሉትን አልሰማም፤ አንዴ የቀባው አይለቅም።

ምን አልክ? ... በመስታወቱ ዓይንህን አየሁት። "ካወቃችሁ ታዲያ ምን ቸገራችሁ?" ነው የምትለኝ። ማወቅማ ሁላችንም አውቀናል። ልጅቷ ለኢህሳን ነገረችው፣ ኢህሳን ለእኔ ነገረኝ፣ ኮቱም መስክሯል። ግን የልጆች ወሬ ሽማግሌን አይመልስም። ቃሉ ከቤቱ ጌታ ነው መምጣት ያለበት። ለሰውየው ደግሞ አንድ ሰው ልኮ "ወንበሬ ረጥቦ ነው" ማለት ከበደው። ኩራት ነው እንዳልል ኩሩ አይደለም... እንዲያው ዕድሜ ልኩን ሰው እሱ ጋ ሲመላለስ እንጂ፣ እሱ ወደ ሰው ሲልክ አልለመደም። "ሽማግሌ አንዴ መጥቶ አይቀርም፣ ይመለሳሉ" እያለ ይጠብቃል አሉ። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ እሱ ይጠብቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? እዚያ ቤት ወንበሩ እግር ሲያወጣ፣ እንግዳው በእግሩ ሄደ።

እህቴን ጁሀራን ማን ይቻላት? "ኧረ ቫርኒሽ ነው" ብንላት፣ "ወንበሩ ቢረጥብ፣ ምላሱን ምን ነካው?" አለችን። አንተ መልስ አለህ? ... እዚያ ያሉት እንግዳስ? አይ፣ እሳቸው ስልካቸውን ነው የሚያዩት። ግን ያ ክርክር የሚለው ድምፅ ከጠፋ ቆየ ልበል? ቪዲዮው አልቆባቸው ይሆናል። ያስላቸዋል መሰለኝ... ውሃ ስጣቸው፣ ጉሮሮ ሲደርቅ ያስቸግራል። የሚደርቅ ነገርስ አለ ማለት ነው።

እና ጁሀራ ቁርጥ አድርጋለች። ጊኒር አንዲት ልጅ አይታለች። ጥሩ ልጅ ናት ይላሉ። ቤተሰቦቿም ጥሩ ናቸው፣ ወንበር አላቸው። አሮጌ ነው፣ ሲቀመጡበት ይንቋቋል አሉ፣ ግን ይቀመጡበታል። ከነገ ወዲያ እሁድ እኔና ጉተማ ወደዚያው ነን። ኢህሳን ምን ይበል? እናቱን አይጋፋ። ከስቷል። ጧት መናኸሪያው ላይ ልጅቷ ከወረደችበት ሚኒባስ አይገባም፤ ባዶውን መቀመጫ እያየ የሚቀጥለውን ይጠብቃል አሉ። ትምህርት ቤትም እያረፈደ ነው። እሷ ደግሞ ወርዳ ዞር ሳትል ትሄዳለች። የሰው ልጅ በሕፃንነቱ አውቄው፣ በጀርባዬ አዝዬው፣ እንዲህ ሲሆን ማየት ያማል ሙደሲር። ያማል።

ወንበሮቹማ እንዴት አድርገው ይዘዋቸዋል መሰለህ! አሁን ደርቀው ያበራሉ አሉ፣ ፊት ያሳያሉ። ሰውየው እንዳይጫሩበት አንድም ሰው አያስቀምጥም። ቤተሰቡ ሻይ የሚጠጣው ምንጣፍ ላይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ... ወንበር አለኝ በሳሎን። ልጅቷ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት በየጧቱ አቧራቸውን ትወለውላለች። ለማን መጪ ብላ እንደሆነ አልጠየቅናትም።

እኔ እንዲያው ለወሬ ያህል ነው የምልህ፣ ለማንም ብዬ አይደለም። አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ሾፌርም ይሁን፣ አንተም ብትሆን፣ ዛሬም ነገም ጎባ ብቅ ብሎ "ወንበሩ ደርቋል" ቢለን፣ እኔና ጉተማ ከዘራችንን አንስተን እንመጣለን። ሁለት ቃል ናት! "ይቅርታ" አያስፈልገንም፣ እሷ ከባድ ናት፣ የለመዳት ካልሆነ ወገብ ትሰብራለች። ደርቋል፣ በቃ። ባይደርቅም ይደርቃል፣ "ደርቋል" ይበሉን ብቻ! እንቀመጥበታለን፣ ተጣብቀን እንቀራለን እንጂ ወላሂ አንነሳም። ጉተማ እንደሆነ ያን ኮት ለዚሁ ብሎ አስቀምጦታል። እሁድ ካለፈ ግን... ለጊኒር ሰዎች ቃል ከሰጠን አለቀ። የሽማግሌ ቃል ተፍቆ እንደገና አይቀባም።

በል አበቃህ? ማሻአላህ፣ ሰው መሰልኩ። አልኮሉን በዛ አድርገው... እህህህ! ያቃጥላል። ግን ያጠራል። የሚያቃጥል ሁሉ ለክፋት አይደለም፣ አይደል?

እንግዳው፣ ተራዎ ደርሷል! ... ምነው ተነሱ? ወደ በሩ ነው? ኧረ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ! እኔ "ተቀመጡ" ማለት አይከብደኝም።

ሳልወጣ ዱዓ ላድርግ። በጁምዓ ቀን ሽማግሌ ሳይመርቅ ከቤት አይወጣም። ለዚያ ደግ ሰው ነው፣ ወንበር ላደሰልኝ። ምላጩን አስቀምጥና እጅህን ዘርጋ ሙደሲር፣ አሚን እያልክ።

አላህ እጁን ይባርክለት። የነካው እንጨት ሁሉ ያብራለት። ቤቱ በወንበር ይሙላ። የቀባው ቫርኒሽ እንዳማረበት ይኑር፣ አንድ ጭረት አይንካው። የሽማግሌ ከዘራ አይደገፍበት። ሻይ አይፍሰስበት። አማች መጥቶ በክብደቱ አያጉብጠው። የልጅ ልጅ በጭቃ ጫማው አይውጣበት፣ በሚስማር አይቧጭረው፣ ቅባት እጁን አይጥረግበት። ልጁንም ከአጠገቡ አያርቅበት፤ ወንበሩን በየጧቱ እየወለወለችለት፣ እዚያው ቤቱ፣ እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ትሸብትለት። ሁሉም እንደ አዲስ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ እሱ ብቻውን እያየው፣ ዕድሜውን ያርዝምለት...

አሚን በል እንጂ ሙደሲር! ... እንግዲያው እርስዎ ይበሉልኝ፣ እንግዳው። እርስዎ አሚን ካሉማ ይደርሳል።